የአምሃ ማጠፊያ

አምሃ ስሱን የናስ ቆርቆሮ በበር ማጠፊያው ሁለት ክንፎች መካከል አስገብቶ፣ በአውራ ጣቶቹ ቀስ እያለ ይጫነዋል። ማጠፊያው ከተጣለ ቁም ሳጥን የተነቀለ ነው። ጠርዙን ሦስት ቅዳሜ በሞረድ ሲያስተካክል ከረመና ከጣውላ ላይ አሰረው። አሁን ናሱ እንደ ወረቀት ይታጠፍለታል፤ የክብሪት ቀፎ የምታህል የባቡር ፉርጎ ጎን ይሆናል። ቀጥሎ ጫፉ የደነዘ የስፌት መኪና መርፌ አንሥቶ ከጀርባው ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው፣ በፊት በኩል የሚስማር ራስ የመሰሉ ነጠብጣቦች ተሰልፈው ብቅ ይላሉ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታቸው ጠባብ ነውና ጣውላውን ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ የታሰረው ከምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ባለቤቱ ብርሃነሽ ሽንኩርት ስትከትፍ የናስ ብናኝ እንዳይገባባት ሳህኑን በክንዷ ትከልላለች እንጂ፣ ተነሥልኝ ብላው አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ክሪስታል ሲቲ የሆቴል እንግዳ በሹትል መኪና ሲያመላልስ የሚውል ሰው፣ ቅዳሜን የሚወደውን ቢሠራ ምን አለበት ትላለች።

ከእሷ በቀር ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። የአገሩ ሰው ማረሻውንም መርፌውንም ከእሳቸው ይገዛል፤ ቡዳ ናቸው ብሎ ግን ከቤታቸው እህል አይቀምስም። አምሃ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ፣ አባቴ ገበሬ ነበሩ እያለ ኖረ።

በፈረንጆቹ 2012፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አምሃ አባል የሆነበት፣ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የሚሰበሰበው የትንንሽ ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ሥራውን ለሕዝብ አሳየ። ልጁ ዕድላዊት እጮኛዋን ሲላስንና የሲላስን እናት ወይዘሮ እታለማሁን ይዛ መጣች። ወይዘሮዋ በማግስቱ እሑድ እነ አምሃ ቤት ለምሳ ተጠርተዋል፤ የሰርጉ ቀን የሚቆረጠው በዚያ ማዕድ ነው። የአባቱን ነገር ቢሰሙ እግራቸው ከደጄ አይደርስም ብሎ አምሃ ይሰጋ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ አንድ ጢማም ሽማግሌ፣ ማጠፊያውን ከፍ አድርገው ለሰዉ ካሳዩ በኋላ፣ ይህን ሙያ ማን አስተማረህ ብለው ጠየቁት። ራሴ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። የአባቱን እጅ ከአባቱ መስረቅ መሰለውና ተወው። ከቀጥቃጩ አባቴ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ እውነቱን ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ።

«ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ።

ሲላስ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነውና ቃሉን በአማርኛ አያውቀውም። «ፋዘራቸው… ሜታል ነገር ይሠሩ ነበር፣ ማሚ» አለ።

እዚያ ላይ ዝም ቢል ያልፍ ነበር። አምሃ ግን ወደ እሳቸው ዞረ።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ፣ እትዬ።»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ፉርጎዋን አዩ፣ ከዚያ እሱን።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ስንት ሰው በሉ?»

«የብርሃነሽ ወጥ መቼ ፋታ ሰጥቶኝ።»

ወይዘሮዋ ሳያስቡት ሳቁ። ይሁንና ሳቅ ሌላ፣ ማዕድ ሌላ ነው። እሑድ ረፋዱ ላይ ብርሃነሽ በመስኮት መኪና ስትጠብቅ ሽንኩርቷን አሳረረች። አምሃ እንግዳ እንዳያየው ሞርሳውን ሊፈታ ብሎኑን ያዘ፣ ከዚያ ደግሞ ይሁን ብሎ ለቀቀው።

ወይዘሮ እታለማሁ መጡ። እጃቸውን ታጥበው ከሞርሳው አጠገብ ተቀመጡና ከማዕዱ በሉ፤ ትንሽ ያረረ ይሸታል ብለው ወጡን አሙ፣ አሁንም ጨምሩልኝ አሉ።

እነ ሲላስ ያን የቡዳ ወሬ አያውቁትም። የእናንተም ልጆች ምናልባት አልሰሙት ይሆናል። አደራችሁን፣ ቀጥቃጭ ምን ይሠራ እንደነበር ንገሯቸው፤ ስድቡ ግን ከእኛ ጋር ይቀበር።