የቀርከሃው ሰዎች ያበጠሯት ልጅ

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወርደው መንገድ አንድ ቀን ያህል ከተሄደ በኋላ በስተግራ በኩል ቀርከሃ የወረሰው ኮረብታ አለ። ከኮረብታው ሥር ባለች መንደር ጣሂራ የምትባል ወርቅ አጣቢ ትኖር ነበር። ወርቅ አጣቢ ስላችሁ ባለጸጋ እንዳትመስላችሁ። በዚያ አገር ወርቅ ማጠብ የሴት ሥራ ነው፤ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ መዋል፣ አሸዋውን በእንጨት ገበታ እያንገዋለሉ መድፋት ነው። የሚገኘው ብናኝ በአሞራ ላባ ቀፎ፣ በላባው ባዶ ዘንግ ውስጥ፣ ይጠራቀምና መጨረሻው ለአገር ገዢ ግብር ነው። ጣሂራን ያስከበራት ወርቁ አልነበረም። በልጅነቷ ሦስት ቀን ጠፍታ በገዛ እግሯ የተመለሰች ብቸኛ ሰው መሆኗ ነው።

የመንደሩ ሰው ቀርከሃው ባለቤት አለው ብሎ ያምን ነበር። ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ ጆሯቸው እንደ ቀርከሃ ቅጠል የሾለ፣ የማያረጁ ሰዎች ናቸው ይላል። አዋቂ አይነኩም፤ መንገድ የሳተ ልጅ ካገኙ ግን ወደ ቤታቸው ይዘውት ይገባሉ። ይወዱታል ይሁን ይበሉታል የሚያውቅ አልነበረም። ጣሂራ እስክትመለስ ድረስ ማለቴ ነው።

የዚያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ በወርቅ የሞላ የላባ ቀፎ አሲዛ ወደ ቤት ላከቻት፤ ልጅቱ ወንዙን ስትሻገር ቀፎው ከእጇ አመለጠ። ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። የእናቷ ዱላ ሲታያት ጊዜ ቀርከሃው ውስጥ ካለ ጎድጓዳ ገብታ ተደበቀች። መንደሩ እንደ ወጉ የቅል መለከቱን እየነፋ፣ ስሟን እየጠራ ወጣ። መለከቱ በቀረበ ቁጥር እሷ ወደ ውስጥ ሸሸች። በሦስተኛው ቀን ፈላጊዎቹ ደክሟቸው ጸጥ ሲሉ ረሃቡ አወጣት።

እናቷ አልመታቻትም። አቅፋ እያለቀሰች ጠየቀቻት። «እነሱ ናቸው የወሰዱሽ?» «አዎ።» «መቱሽ?» «አልመቱኝም።» «ምን አበሉሽ? ማር?» «አዎ፣ ማር።» «ጸጉርሽንስ እነሱ ናቸው የፈቱት? አበጠሩሽ?» «አዎ።» ቀፎውስ? ቀፎውንም እነሱ ወሰዱት። መለከቱን እየሰማሽ ለምን አልመጣሽም ሲሏት ግን ከራሷ አንድ ነገር ጨመረች። «መለከት ሲነፋ ወደ ውስጥ ይወስዱኛል። ዝም ስትሉ ለቀቁኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ወግ ተለወጠ። ልጅ ሲጠፋ መለከት አይነፋም፤ ስም አይጠራም። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቀን ብለው ወሰኑ። ሰባት ቀን ሙሉ ማር በቅል እየሞሉ ቀርከሃው ዳር ማስቀመጥ፣ በሹክሹክታ ማውራት፣ እናትም ብትሆን ድምፅ አውጥታ አለማልቀስ። በሰባተኛው ቀን መለከቱ ይነፋና ልጁን ለመቀበል ይወጣል። የሚመጣ ልጅ አልነበረም። ቢሆንም የተመለሰችው ጣሂራ በመካከላቸው አለች። ቆንጆ ሆና አድጋለች፣ አግብታለች፣ ጸጉሯም እውነት ለመናገር የሚያምር ነበር።

ልጇ የጠፋባት እናት ሁሉ ወደ ጣሂራ ትመጣለች። «ይመቱታል?» ትላለች። «አይመቱትም።» «ብርድ ይነካዋል?» «ቀርከሃ ቅጠል ላይ ነው የሚያስተኙት፤ ይሞቃል።» ጣሂራ ክፉ ሰው አልነበረችም። ያንን ሁሉ የምትለው እናቲቱ ፊቷ እንዲፈታ፣ ቢያንስ ያን ዕለት ገንፎ እንድትቀምስ ብላ ነው። አንዱን ካሉ ሌላው ይከተላል። እያደር እሷም ራሷ የሚያበጥሯት እጆች ትዝ ይሏት ጀመር።

አንድ ዓመት የጎረቤቷ የኑራ ልጅ ኻሚስ ጠፋ። ኑራ ጥያቄዋ ብዙ ነው። ልጁ የፊት ጥርሱ እየተነቃነቀ ነበርና እሱን ሳይቀር ጠየቀች። ጣሂራ እጇን ይዛ «ሲነቀል አዲሱን ያበቅሉለታል» አለቻት። ኑራ ድምጿን ውጣ ሰባት ቀን ተቀመጠች። ኻሚስ አልመጣም፤ ኑራ ግን «ወደውት ነው» ብላ ተጽናናች፤ በዚያች ቃል ኖረች።

ባሪያ ፈንጋይ መኖሩን የማያውቅ አልነበረም። ዘመኑ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ሁለት ገደማ ነው፤ ገዢ ከላይም ከታችም ሰው በግብር የሚጠይቅበት ጊዜ። ነገር ግን ፈንጋይ የሚታወቀው በጠብመንጃ ጩኸት፣ ጎጆ አቃጥሎ ሲመጣ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን፣ ያለ ድምፅ ሲጠፋ የቀርከሃው ሰዎች ሥራ ነው ይባላል።

ኻሚስ በጠፋ በዓመቱ፣ በኅዳር፣ ማሽላው ሲደርስ፣ የጣሂራ አንድያ ልጅ ኢንዓም ወፍ ትጠብቅ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ በወባ ሞቷል። ማሳው ከቀርከሃው ጋር ይዋሰናል። ጣሂራ እኩለ ቀን ላይ ምሳዋን ይዛ ስትደርስ ማማው ባዶ ነው፤ ወንጭፉ መሬት ወድቋል። አፈሩ ላይ የጫማ ኮቴ አለ። በመንደሩ ጫማ የሚያደርግ ሰው የለም። ከኮቴው ጎን የተላጠ የልጥ ገመድ ቁራጭ፣ ከዚያ ጥቂት እልፍ ብሎ ሣሩ ተጎትቷል። ጣሂራ ሌላ ምልክት አላስፈለጋትም። ቀርከሃው ውስጥ ማንም እንደሌለ ከሰው ሁሉ አስበልጣ የምታውቀው እሷ ናት።

እየጮኸች ወደ መንደር ሮጠች። ሴቶቹ ወጥተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ያ ጣሂራ፣ ቀስ በይ! አንቺው ያስተማርሽንን ረሳሽው?» አንዷ አሮጊት ደግሞ ፈገግ ብላ ትከሻዋን ደባበሰቻት። «አንቺንማ ያውቁሽ የለ? ልጅሽን በማር ነው የሚያጥቧት። ዕድለኛ ነሽ።»

መለከቱ የሚሰቀለው በኑራ ወንድም በሐመድ ቤት ነው። እሱ ሲነፋ የሦስት መንደር ወንድ ጦሩን ይዞ ይወጣል። ጣሂራ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ሐመድ፣ አውርደውና ንፋ። አሁኑኑ!»

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪኝ? ወደ ውስጥ ይውሰዷት?»

«የሚወስዳት የለም። ቀርከሃው ውስጥ ማንም የለም። ፈንጋይ ነው፤ ኮቴውን አይቻለሁ። በኩርሙክ መንገድ ነው የሚወርዱት፤ ገና ሩቅ አልሄዱም።»

«አስተግፊሩላህ በይ። ደንግጠሽ ነው።»

«ስማኝ እንጂ! ያኔ ዋሽቼ ነው። የእናቴን ቀፎ ወንዝ ውስጥ ጥዬ፣ ዱላ ፈርቼ ተደብቄ ነበር። መለከት በተነፋ ቁጥር የሸሸሁት እኔው ነኝ። የወሰደኝ የለም፣ ያበጠረኝም የለም፣ ወላሂ።»

ሰዉ ተያየ። «እነሱ እንዳትናገር አስምለዋታል» አለ አንዱ። «ምስኪን፣ ልጇ ስትነካ አእምሮዋን ሳተች» አለ ሌላው። ሐመድ ግን እጁን ወደ መለከቱ ዘርግቶ ነበር፤ ሁሉም አይቶታል። ያገደችው እህቱ ናት።

ኑራ ሰዉን ገፍታ ጣሂራ ፊት ቆመች። «ኻሚስን ያበጥሩታል ብለሽኛል።»

«ብያለሁ።»

«እዚህ ደጃፍ ላይ። እጄን ይዘሽ። ጥርሱን ያበቅሉለታል ብለሽኛል።»

«ብያለሁ ኑራ። ዋሽቼ ነው።»

«ታዲያ ልጄ የት ነው? ቀርከሃው ውስጥ ከሌለ የት ነው?»

«አላውቅም። ያኔ በዕለቱ ሮጠን ቢሆን ኖሮ…»

ኑራ መዳፏን ጣሂራ አፍ ላይ ጫነችው። «አትጨርሺው። ይህን እንዳትጨርሺው።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ብትነፋው ወንድሜ አይደለህም። እኔ ሰባት ቀን ምላሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ። እሷም ትቀመጥ። በሰባተኛው ቀን ይነፋል።»

አስቡት እንግዲህ። ሐመድ ነፍቶ፣ ወንዱ ሮጦ፣ ኢንዓም እስከ ማታ ብትገኝ፣ ኑራ ከዚያ በኋላ በምን ትኖራለች? ማር ስታመላልስ የዋለችባቸው ሰባት ቀናት ምን ይሆናሉ? ሐመድ እህቱን አየ፤ እጁን ሰበሰበ። ጣሂራ መለከቱን ልትነጥቅ ዘለለች፤ ሴቶቹ ወገቧን ይዘው መለሷት። በፍቅር ነበር የያዟት፤ እንዳትጎዳ፣ ልጅቷን በጩኸት እንዳታርቃት ብለው።

ስታመልጣቸው ብቻዋን ወጣች። «ኢንዓም! ኢንዓም!» እያለች የኩርሙክን ቁልቁለት ያዘች። መንደሩ ድምጿ እስኪጠፋ ጆሮውን ይዞ ቆየ።

ሁለት ቀን ሄደች። መጀመሪያ ትንሽዬ እግር ከትልቅ ጫማ ጎን ታይ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ ጠፋባት፤ ሌላ ወንዝ ዳር እንደገና አገኘችው። አንድ የደረቀ ወንዝ ውስጥ ፈንጋዮቹ ካደሩበት ደረሰች። አመዱን በእጇ ብትነካው ይሞቃል። አጠገቡ የኢንዓም የአንገቷ ዶቃ፣ አንድ ፍሬ ሰማያዊ፣ አሸዋው ላይ ወድቋል። ወደ ፊት ስትሮጥ ከኩርሙክ ጨው ጭኖ የሚመጣ አልአሚን የሚባል ነጋዴ ገጠማት።

«አዎ፣ አግኝቻቸዋለሁ» አላት፤ አህያውን እንኳ ሳያቆም ጀምሮ ፊቷን ሲያይ አቆመ። «አራት ናቸው። ጠብመንጃ የያዘው አንዱ ብቻ ነው።»

«ልጆች ነበሩ?»

«ሦስት። በአንገታቸው የታሰሩ። ትንሿ ወደ ኋላ እየዞረች ታያለች፤ ሲስቧት ትሄዳለች። ሰው የላችሁም እንዴ እህቴ? ሌቦች እንጂ ጦር አይደሉም። አሥር ሰው ሲጮህ ቢሰሙ ልጆቹን ጥለው ይሸሹ ነበር።»

ኩርሙክ ስትደርስ ወንዙን ተሻግረው ሄደዋል። ከወንዙ ማዶ ሌላ አገር ነው፤ ሌላ ገዢ፣ ብዙ መንገድ። ማዶውን እያየች አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጠች። የት ብላ ትጀምር?

ስትመለስ አቋራጩን በኮረብታው በኩል መጣች። ሰባተኛው ቀን ነበር፤ እሷ ግን ቀኑን መቁጠር ከተወች ቆይታለች። መንደሩ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ፣ ማሩንና ወተቱን ይዞ ቀርከሃው ዳር ተሰልፏል። ሐመድ መለከቱን ነፋ። ቀርከሃው ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ «መጣች! መጣች!» የሚል ጩኸት ተነሣ። የወጣችው ጣሂራ ናት፤ እግሯ ደምቷል፣ ጸጉሯ ተበትኗል።

እልልታው ተቋረጠ። ቀድማ የቀረበችው ኑራ ነበረች። «አየሻቸው?» አለች በቀስታ። ዓይኗ ይለምናል። እንደ ድሮው አንድ «አዎ» ትበቃት ነበር።

ጣሂራ መዳፏን ዘረጋች፤ ዶቃው ነበር። «አመድ አየሁ» አለች። «ሙቅ ነበር። አራት ሰዎች ናቸው፣ ኑራ። አራት ብቻ።»

ሐመድ መለከቱን መሬት ላይ አስቀመጠው። ኑራ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ከጣሂራ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም፤ እሳት አልተበዳደሩም፣ ወንዝ ሲወርዱም አንዷ ከላይ ሌላዋ ከታች ነው የሚያጥቡት።

በሚቀጥለው በጋ ዓኢሻ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ከወንዝ ዳር ጠፋች። ሴቶቹ ከልማድ የተነሣ ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው ሲያነሡ፣ ኑራ ወንድሟ ቤት ሮጣ መለከቱን ከግድግዳው አወረደችው። መለከት ሴት አትነፋም። ነፍታም ስለማታውቅ የታመመች ፍየል ድምፅ ነው ያወጣችው ይባላል። ነፋች፣ አሳላት፣ ደግማ ነፋች። ወንዶቹ ጦራቸውን ይዘው ወጡ። ዓኢሻን ሳይመሽ ሣር ውስጥ ተጥላ አገኟት፤ ገመዱ አንገቷ ላይ ነበር።

ይህን ያጫወቱኝ እኚሁ ዓኢሻ ናቸው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እያረጁ። የገመዱን ምልክት በሁለት ጣታቸው እየዳሰሱ ነው የሚያወሩት። «ኑራ መለከቱን ልትሰቅል ስትመለስ በጣሂራ ደጅ አለፈች» አሉኝ። «ጣሂራ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱም ቆሙ። የሚነጋገሩ መሰለኝ። አልተነጋገሩም።»

ጣሂራ አርጅታ ሞተች። ልጆች ከበው «የቀርከሃው ሰዎች እንዴት አበጠሩሽ?» ሲሏት «ማንም አላበጠረኝም፤ ጭቃ ውስጥ ተኝቼ ነበር» ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ አስምለዋታል ይላሉ። ኅዳር ሲደርስ ግን በየዓመቱ ማር በቅል ሞልታ ቀርከሃው ዳር ታስቀምጥ ነበር። እሷ ስትደርስ ሁልጊዜ ሌላ ቅል ቀድሞ ተቀምጦ ታገኛለች፤ የራሷን ከጎኑ አድርጋ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ሐመድ መንገድ ላይ አገኛት። «ያ ጣሂራ፣ ማንም የለም ብለሽን የለ? ማን ይበላዋል ብለሽ ነው?»

«ጉንዳን» አለችው፤ አልፋው ሄደች።