የአክስቴ ድስትና የኮሚቴው ሃይማኖት

«እየመረጠ የሚያምን ካቶሊክ ካቶሊክ አይደለም» ይባላል። ሐሰት ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በካቶሊኮች መካከል ኖሬ ሳይመርጥ የሚያምን አንድም ሰው አላየሁም። ያየሁት ምርጫውን የሚናገርና ምርጫውን የሚደብቅ ነው። የሚደብቀው ኮሚቴ ይሆናል፤ የሚናገረው ኮሚቴው ፊት ይቀርባል።

ከራሴ ልጀምር። ለመጨረሻ ጊዜ ንስሐ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ነፍሳት ከሞት በኋላ በእሳት እየነጹ ይቆያሉ የሚለው ትምህርት ብዙ አንብቤበት በመጨረሻ የሳቅሁበት ነገር ነው። ስብከት ሲጀመር ወጥቼ ከበሩ አጠገብ ካለው ጥድ ሥር እቆማለሁ፤ ሲያልቅ እመለሳለሁ። ያም ሆኖ እሁድ ቀርቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ በሚገባ ማስረዳት አልችልም፤ እዚያ ካልቆምኩ ሳምንቱ የጀመረ አይመስለኝም። በዚህ ሁኔታዬ ጅማ ውስጥ የሦስት ሰው ልጆች ክርስትና አንስቻለሁ። ምን ታምናለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እንዲያውም የሰበካው ኮሚቴ ሰብሳቢ እጄን ጨብጦ «እንዲህ የተማረ ምእመን ያብዛልን» ብሎኛል።

አክስቴን ግን ጠየቋት።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩና ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሰንዳቦ፣ ከአስፋልቱ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት አላት። ዕድሜዋን ያሳለፈችው ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ኖራ ዓይኗ ደክሟል። አሁን ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው።

እሷም ትመርጣለች፤ አልዋሽም። ሲኦልን አታምንም። «ስንት ስታስቸግረኝ እኔ እንኳ አንተን አልጣልኩህም፣ እግዜር ከእኔ ይብሳል?» ትላለች። በቅዳሴ ጸሎተ ሃይማኖት ሲባል ጌታ ለፍርድ ይመጣል የሚለው ላይ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «እሱ ያውቀዋል፤ እኔ ምን አስታዋሽ አደረገኝ?» አለችኝ። መቁጠሪያዋ የተበጠሰ ጊዜ ከሙስሊም ጎረቤቷ ሙስበሐ ተውሳ በየአሥሩ ላይ ቀይ ክር አስራ ስትጸልይበት ከረመች። በየቅዳሜው ግን አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ሄዳ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን ትንሽ ጸሎት ቤት ትጠርጋለች። ማንም አላዘዛትም።

ከዚህች ጎረቤቷ ጋር ጀንፈል፣ ከነገለባው ያለውን ቡና፣ የሚያሰጡት አንድ ሸራ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቤት የተገኘችው የሁለቱንም ትሰበስባለች። ጉዳዩ ሁሉ ከዚህች ጎረቤት ድስት ነው የመጣው።

የሆነው እንዲህ ነው። በሰፈሩ ያሉት ክርስቲያኖች፣ ከመሐል አገር የመጡ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች፣ ኦርቶዶክሶች ናቸው። ለፋሲካ በሬ ገዝተው ቅርጫ ይገባሉ። አክስቴም ለብዙ ዓመት ከእነሱ ጋር ትገባ ነበር። አንድ ዓመት ግን ጨጓራዋ ታመመና ካህኑን አስፈቅዳ ሁዳዴን ወተት እየጠጣች ጾመች። ይህ ታወቀ። ፋሲካ ሲደርስ የቅርጫው ዳኛ ደጃፏ መጥቶ፣ ሳይቀመጥ፣ «እትዬ፣ ሁዳዴን በወተት ያሳለፈች ከእኛ ጋር አትፈስክም ብለዋል ሰዎቹ» አላት። ብለዋል ሰዎቹ! እሱ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ነው።

በዚያው ሳምንት የጎረቤቷ ባል በግ አርዶ ነበርና ጎረቤቲቱ በሰሐን ከድና ይዛላት መጣች። «ቢስሚላህ ተብሎበታል፤ የማትበዪ ከሆነ አልቀየምሽም» አለቻት። አክስቴ ሰሐኑ ላይ አማተበች። «አሁን ሁለት ጊዜ ተባርኳል» ብላ በላች። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከእነሱ ጋር ነች።

በጅማና በዙሪያዋ ላልኖረ ይህ ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። እዚህ ሠርግ ሲደገስ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ድንኳን ነው። ሰው ሃይማኖቱን ይለውጣል እንጂ ሥጋውን አይለውጥም።

እኔ ያን ጊዜ ቄስ ለመሆን ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት የገባሁ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ለፋሲካ እረፍት መጣሁ። አክስቴ ቀይ ወጥ አቀረበች። «ማን ነው ያረደው?» አልኳት። ነገረችኝ። ሳህኑን በሁለት ጣቴ ገፋሁት። «እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ» አልኩ። ለእኔ እንቁላል ጠበሰችና የእሷን ብቻዋን በላች። የቤተ ክርስቲያን ሰው! ካቶሊክ የሙስሊም እርድ እንዳይበላ የሚከለክል አንድም ሕግ እንደሌለ ያወቅሁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ቄስነቱንም ትቼ፣ ሕጎቹን ለመከራከሪያ ብዬ ሳነብ። ሃይማኖቴ ብዬ ሳህን የገፋሁበት ነገር የሰፈር ልማድ ነበር።

ባለፈው ዓመት ልጄ ሴት ልጅ ወለደች። ጅማ ነው የምትሠራው፤ የምትኖረው ቦሳ አዲስ፣ ከእኔ ሁለት መንደር አለፍ ብላ ነው። «ክርስትና የምታነሳት አያቴ ናት» አለች፤ አክስቴን ማለቷ ነው። ነገሩ ለሁላችንም ያለቀለት ነበር። ሰበካችን ክርስትና እናት የምትሆን ሴት ከሌላ ቦታ ከሆነች የምእመንነት ወረቀት ታምጣ ይላል። የአሰንዳቦው ካቴኪስት፣ ምእመናኑን ሃይማኖት የሚያስተምረው ሰው፣ ጻፈ፤ በታሸገ ፖስታ ላከ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አዳራሹ ተጠራሁ። አምስቱ የኮሚቴ አባላት ረጅም ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ካህኑ፣ ገና ወጣት ሰው ናቸው፣ ጫፍ ላይ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ወረቀቱን እንደ ክስ ቻርጅ አነሳው።

«መምህር፣ ትንሽ ችግር አለ» አለኝ።

አነበበው። ምእመን ናቸው፣ ቅዳሴ አያስታጉሉም፣ ጸሎት ቤቱን ያጸዳሉ ይላል። ከዚያ አንድ መስመር፦ ሆኖም የእስላም ሥጋ እንደሚበሉ ይታወቃል።

«እና?» አልኩ።

«ክርስትና እናት ምሳሌ መሆን አለባታ!»

«ጋሼ፣ የሚከለክል አንድ መስመር ያሳዩኝ። ካሳዩኝ አክስቴም እኔም እንተዋለን።»

«አንተ ደግሞ ሁልጊዜ መጽሐፍ፣ መጽሐፍ! ክርስቲያን አይደለንም እንዴ?»

ወደ ካህኑ ዞርኩ። «አባ፣ እርስዎ ይንገሩን። ሕጉ ይከለክላል?»

ካህኑ እጃቸውን አዩ። «ልክ ነዎት መምህር፤ ሕጉ አይከለክልም።»

«እንግዲያው ይጻፏት።»

«ሕዝቡ ይሰናከላል» አሉ።

ሕዝቡ የተባሉት እነዚያው አምስቱ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ገና ሊሰናከሉ ይጠባበቃሉ።

«እኔስ?» አልኳቸው። «ንስሐ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከምታምኑት ግማሹን አላምንም። ሦስት ልጅ ሳነሳ የት ነበራችሁ?»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «እሱ በአንተና በእግዜር መካከል ነው።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ለማጠፍ ጎንበስ ሲል ከኮሌታው ሥር ጥቁር ክር ብቅ አለ። የክታብ ክር ነው። ክታብ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በግልጽ የምትቃወመው ነገር ነው፤ ለዚህስ መስመር አለ።

«ያ ክር የምንድን ነው ጋሼ?» አልኩት።

እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። «ለወገቤ ነው» አለ።

«ሕዝቡ አይሰናከልም?»

አንደኛዋ የኮሚቴ አባል ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አሳለችበት። ሰብሳቢው ተቆጣ መሰለኝ፣ ግን ድምፁን አለዝቦ መፍትሔ አመጣ። «ለምን ነገር ታከራለህ? ቀላል ነው። ካቴኪስቱ ፊት ‹ትቻለሁ› ትበል፤ ይፈርምላታል። ከዚያ በኋላ ማን ድስቷን ይከፍታል?»

አራቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካህኑ እንደገና እጃቸውን አዩ። ሥጋ የከለከሏት ሰዎች ውሸት ፈቀዱላት።

በዚህ ላይ ተነስቼ ጠረጴዛውን ገልብጬ ወጣሁ ብል ደስ ባለኝ። አልገለበጥኩም። የበለጠ የሚያሳፍረኝን ነው ያደረግሁት፤ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ያንኑ ውሸት ለአክስቴ ይዤላት ሄድኩ።

ከጎረቤቷ ጋር ጀንፈል ሲያገላብጡ ደረስኩ። ነገሩን ከነወረቀቱ ነገርኳቸው። ቀድማ የጮኸችው ጎረቤቲቱ ናት።

«በእኔ ምክንያት? ወላሂ ከዛሬ ወዲያ አንድ ጉርሻ አላቀምሳትም! ዶሮ ትግዛና ራሷ ትረድ!»

«ማሎ፣ እባክሽ!» አለች አክስቴ። «የሴት እርድ በላች ሲባል ደግሞ ከነጭራሹ ያባርሩኛል።»

ሁለቱ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «እትዬ፣ አንድ ቃል ናት» አልኳት። «ትቻለሁ በይ፤ ከዚያ እንደፈለግሽ። ልጅቷን ታነሻታለሽ።»

አክስቴ ማገላበጫውን አስቀመጠች።

«ሕፃኗን አቅፌ ስቆም ካህኑ ምን ብሎ ይጠይቀኛል?»

«ሰይጣንን ትክጃለሽ ወይ ይልሻል።»

«እኔስ ምን እላለሁ?»

«እክዳለሁ።»

«ታዲያ ሰይጣንን ለመካድ መጀመሪያ ጎረቤቴን ልካድ?»

ጎረቤቲቱ ፊቷን ወደ ሸራው መለሰች።

«ሥራዬ መልቀም ነው» አለች አክስቴ። «የተሰበረ ፍሬ እጄ ያውቃል። ይህቺ ሴት የተሰበረች አይደለችም።» ከዚያ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን፣ አይመጣም ብዬ የተውኩትን ነገር አመጣችው። «ያኔ ሳህኑን ስትገፋ ዝም ያልኩህ ልጅ ነህ ብዬ ነው። አሁን ግን ሸብተሃል።»

ጎንበስ ብዬ ያስቀመጠችውን ማገላበጫ አነሳሁላት።

ልጄ ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «እሷ ካልሆነች ማንም አያነሳትም።» ኮሚቴው የሰብሳቢውን ሚስት በምትክ አቀረበ፤ ልጄ አመሰግናለሁ ብላ ዘጋችው። አሁን ሕፃኗ አሥር ወር ሞልቷታል፤ ገና አልተጠመቀችም። ይህን ስጽፍ የሚያናድደኝ አክስቴ ያን ያህል ቀን መጎዳቷ ብቻ አይደለም፤ ሲኦልን የማታምነዋ ሴት ስለ ሕፃኗ ጥምቀት ትጨነቃለች፣ ሲኦልን እናምናለን የሚሉት አምስቱ ግን ሕፃን ሳትጠመቅ ስትከርም እንቅልፋቸውን ይተኛሉ። አምነውት ቢሆን ኖሮ ሮጠው በመጡ ነበር።

አክስቴ ነጭ ቀሚስ ሰፍታላት ነበር። ሕፃኗ አደገችበት። ፈታ በጎኑ ጨርቅ ጨመረችበት። እንደገና አደገችበት፤ እንደገና ፈታችው። በዚያ በደከመ ዓይኗ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባላት ጎረቤቷ ናት። ቅዳሜ ደግሞ መጥረጊያዋን ይዛ ወደዚያችው ጸሎት ቤት ትሄዳለች፤ ወረቀቱን የጻፈው ካቴኪስት እሷ በጠረገችው ወለል ላይ ቆሞ እሁድ ያስተምራል። አንድ ቀን ለምን አትተይውም አልኳት። «የሱ ቤት መሰለህ?» አለችኝ።

እኔ መልሱን ከዚህ በላይ አልፈልግም። ማን ነው እውነተኛ ካቶሊክ እያላችሁ የምታውጠነጥኑ ሁሉ፣ አፏን የምትዘጋባቸውን ቃላት ቆጥራችሁ አትድከሙ። ከደጅ ተመልሳ፣ ለመግባት ዋሺ ተብላ፣ አልዋሽም ብላ፣ ቅዳሜ መጥረጊያ ይዛ የምትመለስ ሴት ካቶሊክ ካልሆነች፣ እኔ ከእሁድ ጥዴ ሥር ምን እጠብቃለሁ?

አሁን ለእናንተ ነው የምናገረው፤ ይህን የምታነቡ የጅማና የአካባቢው ካቶሊኮች። በልታችኋል። በጎረቤት ሐዘን፣ በጓደኛ ሠርግ፣ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት ማን እንዳረደው ሳትጠይቁ፣ አንዳንዶቻችሁም ጠይቃችሁ በልታችኋል። አብሬያችሁ ስለበላሁ አውቃለሁ። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ወደ አዳራሹ ግቡ፣ ጠረጴዛው ፊት ቁሙ፣ «እኔም በልቻለሁ፤ ስሜን ጻፉ» በሉ። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ቀሚሱ ሦስተኛ ጊዜ ሳይፈታ።