ሞተሮቹ የጠፉበት ከሰዓት

ከባድ መኪና ግቢያችን ገብቶ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ታውቂዋለሽ? ናፍጣው ይሸታል፣ አቧራው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ጆሮሽ ጭር ይላል። እኔ ይቺን ዝምታ አልወዳትም። ባር ባር ይለኛል።

ያኔ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሴ ነበር። አባቴ ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ለኢትዮጵያ ሹፌሮች ሆቴል ከከፈተ ብዙ ዘመኑ ነው። ናይሮቢ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከመላ አገሪቱ ጥቂት ጎበዝ ተማሪዎችን መርጦ፣ ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ የሚያስተምርበት ልዩ ፕሮግራም ነበረው። እዚያ ካልገባሁ ሌላ መማሪያ እንደሌለኝ እኔም አባቴም እናውቅ ነበር።

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው፣ ሁላችንም በስዋሂሊ ሙዋሊሙ፣ መምህሩ፣ የምንለው፣ ማመልከቻውን ከእኔ በላይ የራሱ አደረገው። ድርሰቴን ስንቴ አስቀድዶኛል መሰለሽ! መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ድርቅና ስለ ችግራችን ነበር። አንብቦ መለሰልኝና፣ «ይህን ማንም ይጽፈዋል። አንቺ ምን ሠራሽ?» አለኝ። ተናደድኩ። በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ፣ ኦቦ ከምትባል መንደር ለሚመጡ እናቶች ኦሮምኛውን ወደ ስዋሂሊ ስለመተርጎሜ ጻፍኩ። አንዲት ሴት ሕመሟን ለሐኪሙ ከመናገሯ በፊት እጄን ጥብቅ አድርጋ ትይዝ ነበር፤ እሷን ጻፍኳት። ሙዋሊሙ ያን ሲያነብ መነጽሩን አወለቀ።

ማመልከቻው አለፈ። የቀረው በኢንተርኔት የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር።

ቃለ መጠይቁ ከሰዓት ነበር፤ የዚያን ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ሙዋሊሙ ላፕቶፑን አስቀድሞ ቻርጅ አድርጎት ነበር፤ ለኢንተርኔቱም ስልኩን ሰጠኝ። ጄኔሬተሩ ቢነሳ ደግሞ ማን ይሰማኛል? አባቴ ግቢውን ዞሮ ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ለመነ። ጉድ እኮ ነው፤ ካልተጯጯሁ የበሉ የማይመስላቸው ሰዎች ሞተር አጠፉ፣ ቴፕ ዘጉ፣ ካርታቸውን ሰብስበው ጎማ ላይ ተቀመጡ። ሳል የማይለቀው ትልቁ ሹፌር፣ «ልጄ፣ እኔም አልስልም» አለኝ።

ሦስት መምህራን ስክሪኑ ላይ መጡ። ስለ ራሴ ጠየቁኝ፣ ጀመርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ መሃል የተቀመጠችው ሴትዮ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። ድምፅ የለም። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ኔትወርክ ጭራሽ የለም። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ኔትወርኩም ተከትሎት እንደሚሄድ ማንም የሞያሌ ሰው ያውቃል፤ ግን ምን ይደረጋል?

አባቴን ልጥራ ብዬ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ አየኋቸው። ያ ሁሉ ወንድ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሏል። ትልቁ ሹፌር ፎጣውን አፉ ውስጥ ወትፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሊገባ የመጣን መኪና በሁለት እጁ ያስቆማል። አሁን ወጥቼ፣ የለፋችሁት በከንቱ ነው ልበላቸው?

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የተዘጋጀሁትን ሁሉ፣ ስለዚያች የኦቦ እናት ጭምር፣ ለደረቀችው ሴትዮ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አመስግኜም ጨረስኩ። እንባዬን ጠርጌ ስወጣ አጨበጨቡልኝ። ትልቁ ሹፌር አፍኖ ያቆየውን ሳል ለቀቀው።

«ሰሙሽ?» አለኝ አባቴ።

«ሰሙኝ።»

እውነቱን ለሙዋሊሙ ብቻ ነገርኩት። ደጋግሞ ጻፈላቸው፤ ኔትወርኩ ሲመለስም ደወለላቸው። ቦታው ሞልቷል አሉት። «ፖሌ» አለኝ፤ ለሐዘንም ለይቅርታም ያለችን ቃል እሷው ናት።

አሁን ሆቴሉን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። አባቴ አርጅቷል፣ በረንዳው ላይ ይውላል። አዲስ ሹፌር ባየ ቁጥር ያችን ቀን ያወራለታል፤ አንዴም ሳልደናቀፍ እንደተናገርኩ፣ ግቢው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ እንደነበር። ሹፌሩ ሲሄድ ወደ እኔ ይዞርና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ግን ሰምተውሽ ሳለ፣ እንዴት እምቢ አሉሽ?»

«እንጃ፣ አባዬ» እለዋለሁ።