ለፈተና ብቻ

ቲቸር ሃረገወይን ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኛ አንድ ፎቅ በላይ ይኖራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረዋል፤ እኔንም ጭምር። ቁጡ ነበሩ፤ ሲገቡ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ባለቤታቸው ጋሽ በዳሳ ጨጓራ ያሠቃያቸው ነበር። ቲቸር ኮሌጅ ሳሉ የተማሩት ጨጓራን የሚያቆስለው በርበሬና ጭንቀት ነው የሚለውን ነው፤ ስለዚህ እቤታቸው በርበሬ አይገባም። ሚጥሚጣ ነፍሳቸው የሆነው ሰውዬ ዐሥራ ስምንት ዓመት አልጫ በሉ። ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ፣ «ሐኪሜ እቤቴ አለች፣ ባዮሎጂ ነው የተማረችው» ይሉ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት ቀይ ወጥ ሸቷቸው ደረጃው ላይ ቆመው አገኘኋቸውና ሳቅኩባቸው። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ አዲስ መጽሐፍ መጣ። አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፣ በመድኃኒትም ይድናል ይላል። ቲቸር ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጠው ዞሩና፣ «ለፈተና ባክቴሪያ ብላችሁ ጻፉ። እቤታችሁ ግን ከበርበሬ ራቁ» አሉን። የተማሩትን በቀላሉ የሚለቁ ሰው አልነበሩም።

ጋሽ በዳሳ ቁስሉ ደምቶ ከሞቱ ዘንድሮ ስድስት ዓመታቸው ነው።

ባለፈው ጥቅምት ቲቸርን ራሳቸውን ሆዳቸውን ያቃጥላቸው ጀመር። ቦሌ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ወጣቷ ሐኪም የምርመራውን ውጤት አይታ፣ «ባክቴሪያ ነው እማማ። ይኼን መድኃኒት ዐሥራ አራት ቀን ይውሰዱ፣ ይሻልዎታል» አለቻቸው። ቲቸር፣ «ዐሥራ አራት ቀን ብቻ?» ብለው ሁለቴ ጠየቋት።

ዳኑ። ከዳኑ በኋላ ግን ከቤት መውጣት ተዉ። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ገባሁ፤ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው።

«ያን የጨጓራ ጥያቄ ፈተናው ላይ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?» አሉኝ።

«ባክቴሪያ።»

«ስንት ሰጠሁህ?»

«ሙሉ ማርክ ነዋ፣ ቲቸር። ይተዉት እንግዲህ፣ ያኔ ማን አወቀ።»

«እኔ አውቄ ነበር» አሉ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ እንጂ። ባክቴሪያ ያላለውን ልጅ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌበታለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ለበዳሳ አልጫ እሠራ ነበር።»