የአባቴ ጥግ

ቤት ውስጥ ውሃ የጠጣ አፈር ሲሸተኝ፣ እስከ ዛሬ ደረቴን አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርገኛል። ቅናት ነው፤ ምን እደብቅሃለሁ።

አባቴ በሶዶና በቤሌ መካከል አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ከጎኑ አስቀምጦ ይወስደኝ ነበር፤ ታናሽ እህቴን መኪና ስለሚያስመልሳት ቤት ትቀራለች። በኋላ ደም ግፊት ጣለው። ግማሽ አካሉ ዛለ፤ የበር መንኳኳት እንኳ ያስደነግጠው ጀመር። ሐኪሙ "ጸጥታ ነው የሚያስፈልገው" ብሎ ወደ ቤት ሸኘን።

ምግቡንም እጥበቱንም እኔ ያዝኩ። እህቴ የሳሎኑን መስኮት ያዘች። በቀለም ቆርቆሮና አፋቸው በተቆረጠ ጀሪካኖች አበባ ተከለች፤ ሐረጉን በሲባጎ ወደ ጣሪያው መራችው፤ ሰፋፊ ቅጠል ያላትን ትልቋን ከአባቴ ወንበር አጠገብ አቆመች። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሃል አልፎ ጉልበቱ ላይ ያርፋል። እዚያ ሲቀመጥ እጁ መንቀጥቀጡን ይተው ነበር። ገና ዓይኑን ሲገልጥ ግን "ትንሿስ?" ብሎ እህቴን ይጠይቃል፤ እኔ ሾርባውን ይዤ ፊቱ ቆሜ።

ትልቋን ተክል ሦስት ቀን የጨው ውሃ አጠጣኋት። ቢጫ ሆና ስትረግፍ እህቴ "ውሃ አብዝቼባት ነው" እያለች አለቀሰች። እኔ የረገፈውን ቅጠል ጠረግኩ።

አንድ ቀን እህቴ ትምህርት ቤት ሳለች አባቴ ጠራኝ።

"ጨው ነበር አይደል?" አለኝ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። "የተኛሁ መስሎሽ ነው።"

እንባዬ ቀደመኝ። "አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ እዚህ ተቀመጪ ብለኸኝ አታውቅም።"

"አንቺ መቼ አርፈሽ ታውቂያለሽ? ሥራ እንዳላስፈታሽ ብዬ እኮ ነው። በይ፣ ወንበር አምጪ።"

እህቴ ስትመለስ ከጎኑ ተቀምጬ አገኘችኝ። ደብተሯን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቀረች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ወዲያው አወቅኩት፤ ወራት ሙሉ በመስታወት ሳየው የከረምኩት ፊት ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ።

"ጠጋ በይላት" አለኝ አባቴ።

ትንሽ ቆይቼ ጠጋ አልኩላት።

አባታችን ክረምቱን አልጨረሰም። እህቴ ዛሬ ገሱባ ከተማ ባለትዳር ናት። አንዳንዴ የጨውን ነገር ልነግራት ብዬ እደውላለሁ። ድምጿን ስሰማ ግን ስለ ልጆቿ እጠይቃትና ስልኩን እዘጋዋለሁ።