ወርቅነሽ ያልጠጣችው ጠላ

አክስቴ ወርቅነሽ በሕይወቷ አንድም ቀን ሰክራ አታውቅም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው የአገሯ የቆሰበር ሰው ሌላ ስለሚያወራ ነው። ሲመሻሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ እግሯን አንፈራጥጣ የቀርከሃውን አጥር በእጇ እየዳበሰች ሲያያት፣ "ወርቄ ዛሬም ቀምሳለች" ይላል። የሚስቁባት ደግሞ ክፉና ደጉን አብረዋት ያዩ ጎረቤቶቿ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በሳል ነው። በሃምሳዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ ደም መትፋት ስትጀምር ባሏ ደጉ በጭነት መኪና ሆስፒታል ወሰዳት። በሽታሽ ሳንባ ነው ተባለች፤ አልጋ ተሰጣት፤ በየጠዋቱ መርፌ ትወጋ ጀመር። ሳሉ ለቀቃት፣ ሥጋዋም ተመለሰ። ይህን አልክድም፤ እሷም አትክድም። "ሞቼ ነበር፣ አስነሡኝ" ትላለች።

ግን ከመርፌው ጋር ሌላ ነገር መጣ። መጀመሪያ ጆሮዋ ውስጥ የንብ ቀፎ የተሰቀለ ይመስል ይጮህባት ጀመር። ቀጥሎ መሬቱ ከዳት፤ ስትራመድ የጭድ ክምር ላይ የቆመች ይመስላታል። ፊቷን ልትታጠብ ዐይኗን ስትጨፍን ወደ ጎን ትወድቃለች። መርፌ ለሚወጋት ድሬሰር፣ ለሐኪሙ ረዳት፣ ነገረችው።

"ዶክተር፣ ጆሮዬ ይጮኻል፤ ያዞረኛልም።"

"መርፌው እየሠራ ነው። ዝም ብለሽ ተኚ።"

በማግስቱም ነገረችው። "አማርኛሽ አይገባኝም" አላት። የአክስቴ አፍ መፍቻ አገውኛ ቢሆንም አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ አያንስም። ያልገባው መስማት ስላልፈለገ ነው። መርፌውም ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ በቀን፣ ዐይኗ መሬቱን እያየላት፣ ደኅና ትሄዳለች። ጨለም ሲል ግን መንገዱ ከዐይኗ ሲጠፋ እግሯም አብሮ ይጠፋባታል። ቀን ቀጥ ብሎ ሄዶ ሲመሽ የሚንገዳገድ ሰው ምን ይባላል? ሰካራም ነዋ!

የማርያም ማኅበርተኛ ናት። በየወሩ በሃያ አንድ አንዷ ትደግሳለች፤ ሲመሽ ጽዋው ለቀጣይዋ ባለተራ ይሰጥና ጠላ እንደ ተሞላ በእጇ ይዛው ቤቷ ታስገባዋለች። ተራዋ ደርሶ ጽዋ የተከለከለች ሴት ከማኅበሩ ተባረረች ማለት ነው። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የሚባሉት፣ አያ ደርበው ናቸው። የአክስቴ ተራ ሲቃረብ መልእክት ላኩባት፤ "የማርያምን ጽዋ ለሰካራም እጅ አልሰጥም።"

አክስቴ አላለቀሰችም። "እንዲህ ያደረጉኝ ሰዎች ይመስክሩልኝ" ብላ ደጉን አስከትላ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች።

እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአዘና የመጣች እህተማርያም የምትባል እናት ልጇን ታቅፋ አገኘች። ልጁ ለሳንባው ያንኑ መርፌ ተወግቷል። እናቱ ከኋላው እጇን ስታጨበጭብ ዘወር አይልም። በወንበሩ ወዲያ ጫፍ ግድግዳውን የሙጥኝ ያሉ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

"እርስዎም መርፌው ነው፣ አባቴ?" አለቻቸው አክስቴ።

"መርፌው ነው፣ ልጄ። ከአልጋ ስወርድ ቤቱ ይዞርብኛል።"

ሕፃን፣ ጎልማሳ፣ ሽማግሌ፤ ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ! ድሬሰሩ በዚያ ወንበር ፊት ስንት ጊዜ አልፏል? መተላለፊያው ጨለማ ነበርና የአክስቴ ተራ ደርሶ ስትነሣ ተንገዳገደች። ድሬሰሩም ምንም ሳይጠይቃት ጎንበስ ብሎ አፏን አሸተተ።

"ምን ጠጥተሽ ነው የመጣሽው?"

"ይህ ልጅስ ምን ጠጥቶ ነው?" አለችው።

ፈረንጁ ሐኪም መጣ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። ድሬሰሩ አስተረጎመ፤ "ሳንባሽ ንጹሕ ነው። ሂጂ።"

"ስለ ሳንባዬ ማን ጠየቃችሁ? ጆሮዬን ነው ያልኳችሁ!"

"ነፍስሽን አተረፍንልሽ፤ ደግሞ ትቆጪያለሽ?"

የልጁን ጆሮ ያየው ሰው አልነበረም። እናቱ ስትወጣ ከኋላው ስሙን እየጠራች ነበር።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ፤ ደጋሿ እትዬ ስሜነሽ ነበሩ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አያ ደርበው ሰውን ዐይን ዐይኑን አይተው፣ "ጽዋውን አምሳለ ትወስዳለች" አሉ። አምሳለ ከአክስቴ ቀጥላ ያለችው ባለተራ ናት።

"ይቆዩኝ፣ አያ ደርበው" አለች አክስቴ ተነሥታ። "ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ በአፌ አልዞረም። ካላመናችሁኝ አባ ያሽትቱኝ።"

ቄሱ አባ ሽባባው ደነገጡ። "ኧረ ልጄ፣ ማሳረግ እንጂ ሰው ማሽተት አልተማርኩም!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አክስቴ አልሳቀችም። ወደ ግቢው ወጣች፤ ሰውም ተከትሏት ወጣ። ከደጃፉ እስከ አጥሩ ቀጥ ብላ ሄዳ ተመለሰች።

"ይህ የሰካራም አካሄድ ነው?"

ቀጥላ ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አሰረች። ሁለት ጊዜ እንደ ተራመደች ተዘንብላ አምሳለ ላይ ወደቀች። አምሳለ ባትይዛት በድንጋዩ ላይ ትከሰከስ ነበር። አክስቴ ነጠላውን ከዐይኗ ገፍፋ ለአያ ደርበው ዘረጋችላቸው።

"ጠላው ነጠላዬ ውስጥ ነበር እንዴ? ይጭመቁት!"

አንዷ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። አምሳለ የአክስቴን ክንድ እንደ ያዘች፣ "እኔ የሰው ተራ አልቀማም" አለች።

"እሺ ይሁን" አሉ አያ ደርበው፤ "ግን ጽዋ የሚወጣው ማታ ነው። ሥርዓት ነው።"

"ጨለማውን ሥርዓት ያደረገው ማን ነው?" አሉ አባ ሽባባው። "ፀሐይ ሳለች ስጧት።"

ተሰጣት። ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዐይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ ቀስ እያለች ሄደች። ሴቶቹ ከኋላዋ እየዘመሩ ተከተሏት፤ እርምጃዋን እንዳያስቷት ግን ማንም እልል ለማለት አልደፈረም። ከቤቷ ገብታ ጽዋውን መደቡ ላይ ስታስቀምጥ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም ነበር።

አያ ደርበው ፈገግ አሉ። "እሰይ! እንግዲህ ተሽሎሻል ማለት ነው።"

"አልተሻለኝም፣ አያ ደርበው" አለች። "ድሮም አልጠጣሁም።"