ባለ ጀልባው ሃያ ፍራንክ

ከልደታ የወጣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። አንዲት ሳንቲም ልገዛ ጅቡቲ እንደምሄድ የሰሙ ጎረቤቶቼ ፊት ለፊት ምንም አላሉኝም፤ ሐዘን አእምሮዋን ነካው ብለው እንዳሙኝ ግን አውቃለሁ።

ምክንያቴ ይህ ነው። ባለቤቴ ጀማል፣ አላህ ይዘንለትና፣ አብነት ባለች ጠባብ ሱቁ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዓት ሲጠግን ኖረ። ሲሞት አንድ የሳንቲም አልበም ተወልኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው አንድ ኪስ ባዶ ነው። የባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባቱ በልጅነቱ ከጅቡቲ ላመጡለት፣ የሸራ ጀልባ ምስል ላለው የፈረንሳይ ዘመን ሃያ ፍራንክ የተተወ ቦታ ነው። ያችን ሳንቲም ልጅ ሳለ ጣላት፤ ካደገ በኋላ ሲፈልጋት ኖሮ ሳያገኛት ሄደ። ዓመቱ ሳይደርስ ያንን ኪስ ልሞላለት ለራሴ ቃል ገባሁ።

ኢዳዬን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤቷ የምትቀመጠውን አራት ወር ከዐሥር ቀን፣ ያሳለፍኩት ከአልበሙ ጋር ነው። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ በሎሚና በአመድ ፈተግኳቸው። እናቴ የብር ጌጧን የምታጸዳው እንዲያ ነበር። ሁሉም እንደ አዲስ አበሩ። ከዕቃዎቹ ሳይጸዳ የቀረው ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ሰማያዊ የሥራ ጋዋኑ ብቻ ነበር። ለጉዞው ልወጣ ስል ልጄን ሐያትን፣ ሐሙስ ውሃ ሲመጣ ከሌላው ልብስ ጋር እጠቢው፣ ለሚለብሰው ሰው እንሰጠዋለን አልኳት። እሺ አለች።

በባቡር

ከሜክሲኮ ለቡ ድረስ በታክሲ ሄጄ ባቡሩን ያዝኩ። በቦርሳዬ ፓስፖርቴን፣ ጀማል ዓይኑ ላይ እየሰካ የሚሠራባትን አጉሊ መነጽር፣ ለማስታወሻም ከአልበሙ ያወጣኋትን አንዲት የድሮ ሃያ አምስት ሳንቲም ይዤያለሁ። አዳማን ካለፍን በኋላ አረንጓዴው እየሳሳ ሄደ። መተሐራ አጠገብ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያ የሸንኮራ አገዳ፣ ከዚያ ደግሞ እሾህና ግመል። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ስለነበር ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት። ሰው መጥቶ "ተይዟል?" ሲለኝ ሳላስበው "አዎ" አልኩት። ከዚያ አፍሬ ቦርሳውን አነሳሁለት።

ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ስደርስ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ጣቢያው ጠበቀኝ። ጨርቅ ይነግዳል። ብቻሽን ድንበር አትሻገሪም ብሎ ሱቁን ዘግቶልኛል። እራት ላይ አሾፈብኝ። "እታለም፣ ሰው ከጅቡቲ ሽቶ ያመጣል። አንቺ ብረት ልታመጪ?" ከጀማል ቀብር ወዲህ ሲቀልድ ስሰማው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጅቡቲ፣ የመጀመሪያው ቀን

ናጋድ ጣቢያ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ተከፈተ ምድጃ ተቀበለን። ባለ ታክሲው ሁለት ሺህ ፍራንክ ብሎ በሺህ አምስት መቶ ወሰደን። ከተማው ውስጥ ብዙ ሰው አማርኛ ስለሚሰማ ቋንቋ አልቸገረንም።

ጀማል ሳንቲም ሲገዛ ሦስት ሕግ ነበረው። መጀመሪያ የማትፈልገውን ጠይቅ። በመነጽር ሳታይ ዋጋ አትጥራ። ባየህበት ቀን አትግዛ። ገበያው አጠገብ አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ ገባንና እንደ ሕጉ ስለ ማርትሬዛ ብር ጠየቅሁ። ባለ ሱቁ ሲያሳየኝ ሰይድ ዓይኑ መስታወቱ ሥር ሄደና "ያውልሽ! ጀልባዋ!" ብሎ ጮኸ። ባለ ሱቁ ፊቴን አየ። ጀልባዋን አውጥቶ ቀይ ጨርቅ ላይ አስቀመጠና ስምንት ሺህ ፍራንክ አለን። አምስት ሺህ ድረስ ወረደ፤ ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

ወጥተን በመቶ መቶ ፍራንክ ሻይ ጠጣን። ሰይድ ጥፋቱ ገብቶታል። "ግማሹን እኔ ልሙላልሽ፣ እንግዛውና ይለቅልን" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ጀማል በሕይወቱ የተጋነነ ዋጋ ከፍሎ ያስገባው ሳንቲም የለም፤ በእሱ ስም የሚገባው ተዘርፈን የያዝነው እንዳይሆን ፈለግሁ። ማታ ግን ባዶ እጄን መመለሴ እያሰጋኝ ቆየ።

ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ

ጅቡቲ ውስጥ ገንዘብ የሚመነዝሩት ሴቶች ናቸው። የቆዳ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገድ ዳር በጥላ ሥር ይቀመጣሉ። የሻይ ቤቷ አስተናጋጅ፣ የድሮ ሳንቲም ከፈለግሽ እነሱን ጠይቂ፣ ሃዋ ዘንድ ሂጂ ብላኝ ነበር። ሃዋ እድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ጥሩ ነው። ሰይድን ራቅ ብሎ እንዲቆም አደረግሁትና የግመል ምስል ስላለው ሳንቲም ጠየቅሁ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አውጥታ ጭኗ ላይ ባለው ጨርቅ ዘረገፈችው።

ሁለት ጀልባዎች ወጡ። አንዷ ታብረቀርቃለች፤ አንዷ እንደ ቡና ጠቁራለች። የሁለቱም ጽሑፍ በመነጽሩ በደንብ ይነበባል።

"የምታበራው አምስት መቶ፣ ጥቁሯ ሺህ" አለች።

ሰይድ መቆም አልቻለም፤ ቀርቦ "እማማ፣ ቆሻሻው ነው እንዴ የሚወደደው?" አላት።

"አንተ ጨርቅ ነጋዴ ሳትሆን አትቀርም" አለችውና ወደ እኔ ዞረች። የምታበራዋን ልወስድ አስቤ ነበር። ከሌሎቹ ጋር ትስማማ እንደሆነ ለማየት የጀማልን ሃያ አምስት ሳንቲም ከቦርሳዬ አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ።

ሃዋ አነሳቻት። ጠርዟን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ይችን ማን ላጣት?"

"እኔ ነኝ። በኢዳዬ ጊዜ ሁሉንም አጸዳኋቸው።"

ሳንቲሟን ገለበጠቻት። "ሰብሳቢ የተፈተገ ሳንቲም አይወድም፤ ዋጋው ይወድቃል። እሱ እዳው ገብስ ነው። ባልሽ ስንት ዓመት ነካካት?"

"ከሠላሳ በላይ።"

"እንግዲያ ያ ጥቁሩ ቆሻሻ አልነበረም፣ እህቴ። እጁ ነበር።"

በዚያ መንገድ ዳር፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አለቀስኩ። ሃዋ የቦርሳዋን አፍ ይዛ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። የጀማልን ሦስተኛ ሕግ ጥሼ ጥቁሯን ባየኋት ቀን በሺህ ፍራንክ ገዛሁ፤ ዋጋዋ ትክክል ስለነበር አልተከራከርኩም። ሃዋ በወረቀት ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ እንዳትፈትጊያት አላለችኝም። ማለት አላስፈለጋትም።

ጋዋኑ ትዝ ያለኝ መንገዱን ስንሻገር ነው። ሐሙስ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን። በሰይድ ስልክ ሐያት ዘንድ ደወልኩ። አነሳች፤ ስለ ሙቀቱ ጠየቀችኝ፣ ሳንቲሟን ማግኘቴን ነገርኳት። ጋዋኑን መጠየቅ ግን አልቻልኩም። ታጥቧል ብትለኝ የሁለት ቀኑን መንገድ እንዴት እችለዋለሁ?

መመለሻ

ድሬዳዋ አድረን ሰይድን ተሰናበትኩ። አዲስ አበባ ድረስ መስኮቱን እያየሁ ያየሁትን አላስታውስም። ለቡ ስወርድ ይዘንብ ነበር።

ሐያት በሩን ከፈተችልኝ። በረንዳው ላይ አንሶላው፣ መጋረጃው፣ የእኔ ቀሚሶች ሁሉ ታጥበው ተሰጥተዋል። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። ሰማያዊ የለም።

"ሰጠሽው?" አልኳት።

"አይ እማዬ።" በሩን ዘጋችውና ጋዋኑን ከጀርባው እንደተሰቀለ አሳየችኝ። "ሁሉንም አጠብኩ። እሱን ሁለት ጊዜ ሳፋው ጋ አድርሼ መለስኩት። ብትቆጪኝም ማጠብ አልቻልኩም።"

አልተቆጣኋትም። አልበሙን አመጣችልኝና ጥቁሯን ጀልባ ሳልጠርጋት ባዶው ኪስ ውስጥ አስገባኋት። በዚያ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ሳንቲም መሐል የሰው እጅ የሚታይባት እሷ ብቻ ናት፤ እሱም የጀማል እጅ አይደለም። ይህን ከእንግዲህ ማስተካከል አልችልም። ከጉዞው የተማርኩት፣ መውደድም ሳያውቁት ሊፍቅ እንደሚችል ነው።

ጋዋኑ እዚያው ተሰቅሏል። ኪሱ አጠገብ የሰዓት ዘይት ነጥቦች አሉበት። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሐያት የሚታጠበውን ስትሰበስብ በአጠገቡ ታልፋለች።